ሕንድኛ ለማያውቁት ተርጓሚ አባቴ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ኪዳነወልድ፦

አባባ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ከሰኔ ዝናብ እስከ ኅዳር ብርድ ሰላምታዬ በእማዬ አፍ ብቻ ሲደርስዎ ስለከረመ፣ ዛሬ ራሱን ችሎ በወረቀት መጥቷል። ያ የቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሊገባ ሲል እንደ ድሮው ቀድሞ ይነግርዎታል? የደም ግፊቱን መድኃኒት በየቀኑ ይውጣሉ ወይስ «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያሉ ይዘሉታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እህል ይበላልዎታል? እኔ፣ ገብሩና ልጃችን ሃይሚ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ግን ባልከፋ። የከበደኝ ዝምታዎ ነው።

በየእሑዱ እደውላለሁ። እማዬ ታነሳና ስለ እርስዎ ስጠይቃት አንድ እሑድ «እድር ሄዷል»፣ ሌላ እሑድ «አሁን ገና ጋደም አለ»፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ «ከብቶቹን ሊያይ ወጥቷል» አለችኝ። አባባ፣ ከብቶቹን ከሸጣችሁ እኮ አራት ዓመት ሊሆን ነው። እማዬ መዋሸት አትችልበትም፤ ምስኪን፣ በስተርጅና በእርስዎ ምክንያት ልምምድ ጀመረች። ከኋላዋ የእርስዎን ሳል እሰማለሁ። ያቺን ሳል በሺህ ሰው መሀል እለያታለሁ። ሳልዎን ሰምቼ፣ ደኅና መሆንዎን በዚያው አረጋግጬ፣ ስልኩን እዘጋለሁ።

ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ኢዩኤል ይባላል። እሑድ እሑድ በምንከራየው አዳራሽ አብሮን የሚያመልክ የአዳማ ልጅ ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አሰላ ድረስ ወጥቶ በእጅዎ እንዲሰጥዎ ቃል አስገብቼዋለሁ። ለእማዬ እንዳይሰጥም ነግሬዋለሁ፤ እሷ አንብባ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ትነግርዎታለች። መነጽርዎን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ራስዎ ያንብቡልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርዎ። መጋቢት ላይ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ፊልም ውስጥ ሰው እንዳይወድቅ እጠብቃለሁ» ስልዎ ከት ብለው ስቀው ነበር። ቀልድ አልነበረም። የምሠራበት ቤት ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወንበር የለውም፤ መጋረጃም የለውም። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉ ፕሮጀክተሮች ሥዕሉን በአራቱም ግድግዳና በወለሉ ላይ ይለቁታል። ሰው ባሕር መሀል ይራመዳል፤ ዓሣ በጫማው ሥር ያልፋል። ልጆች ዓሣውን ሊይዙ ይንበረከካሉ፤ አዋቂዎቹ ራሳቸው ይዞርና ግድግዳውን ሊደገፉ ይሄዳሉ፤ ግድግዳውን መደገፍ ክልክል መሆኑን የምናገረው እኔ ነኝ። አንዱ ግድግዳው ሥር ከቆመ ሥዕሉ ካፖርቱ ላይ ያርፋል፤ «ጎንበስ በል!» ብሎ የሚጮህበት ግን የለም። የእርስዎ ቪዲዮ ቤት ቢሆን ኖሮ ባርኔጣው ተወርውሮ ደጅ ይገኝ ነበር።

እዚህ ጀርመን ሲኒማ ቤቱ አልተዘጋም፤ ሥዕሉ ግን ቤቱን ትቶ እንደ ልቡ መዞር ይዟል። ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ አለ፤ የሱቅ መስኮት ላይ አለ፤ ሐኪም ጋ በቀጠሮ፣ ቴርሚን በሚሉት፣ ሄደው ተራ ሲጠብቁም ፊት ለፊት ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል። ገብሩ የሆኽስት ፋብሪካው የእሑድ ሺሽት ሲያደርሰው፣ ፈረቃውን ማለቴ ነው፣ የእኛን አምልኮ ባቡር ውስጥ ሆኖ በስልኩ ይከታተላል። ሃይሚ ደግሞ የምታየው ሁሉ ስልኩን አቁማ ነው፤ ለእኛ ፊልም ማለት ሰፊ መስኮት ነበር፣ ለእሷ በትንሹ የተከፈተ በር ነው። በአማርኛችን ፊልሙን «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» እንለው ነበር፤ ስልኩንም «ተንቀሳቃሽ ስልክ» አልነው። ድሮ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ይቀመጣል። አሁን ሥዕሉም ስልኩም ሰውዬውም ተንቀሳቃሽ ሆነው፣ ረጋ ብሎ የሚያይ ጠፋ።

አለቃዬ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ይመስላታል። አንድ ቀን የእርስዎን ነገር አጫወትኳት፤ የቆርቆሮውን አዳራሽ፣ አግዳሚዎቹን፣ አንዷን ቴሌቪዥንና ዴኩን፣ በጠመኔ «የሕንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም» ብለው የሚጽፉበትን ሰሌዳ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጠው ማይክ ይዘው ወንዱንም ሴቱንም ሕፃኑንም ሆነው የሚናገሩትን። ሥራዋን ትታ አዳመጠችኝ። ጃፓን ውስጥም ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን እንዲህ ከሥዕሉ ጎን ቆሞ የሚተርክ ሰው እንደነበረ፣ ሰዉም ለፊልሙ ሳይሆን ለተራኪው ብሎ ይመጣ እንደነበረ ነገረችኝ። አባቴ የዚያ ወገን ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ምናልባት አፌን ያላቀቀው ይኸው ኩራት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰኔ ላይ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ይዘን ሁሉም መጀመሪያ ያየውን ፊልም ሲያወራ እኔም የእርስዎን አወራሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። የአዳራሹን ካሜራ የምትይዘው እኅታችን መርሃዊት በስልኳ ስትቀርጸኝ ኖራ፣ ከሩብ ሰዓቱ ሃምሳ ሰከንድ ቆርጣ ለቀቀችው። በኋላ ስጠይቃት «ሰው ረጅም አያይም» አለችኝ። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው። በሃምሳው ሰከንድ ውስጥ ያለው «አባቴ እኮ ሕንድኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ሁሉም ቀደዳ ነበር» ስልና ሰዉ ሲንከተከት ብቻ ነው። በመርሃዊት ላይ አላላክክም። መቀሱ የእሷ ቢሆንም ጨርቁ የእኔ ነው።

ቀደዳ በእኛ ዕድሜ ሰዎች አፍ ስድብ አይደለም፣ አባባ። ጨዋታ የሚያሳምር ሰው ቀደደ ይባላል፤ ሰዉም እያወቀ፣ ደስ እያለው ይሰማዋል። በእርስዎ ጆሮ ግን ልጅዎ በሁለት መቶ ሺህ ሰው ፊት ዋሾ አለችዎ። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ስልኩን አፍንጫዎ ሥር አድርገው «ጋሽ ኪዳነ፣ ሕንድኛው ጠፋብዎ እንዴ?» እንዳሉዎ ሰምቻለሁ። ቪዲዮ ቤቱ በቆየበት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከተማው ሕንድኛን ከሒሳብ አስተማሪዎ ከሚስተር ማቲው እንደተማሩ አምኖ ነበር። ያንን ስም በአንድ ደቂቃ ወሬ አፈረስኩት። ጉልበትዎ ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ፤ አካሌ እዚህ ቢሆንም እንደወደቅሁ ይቁጠሩልኝ።

አሁን ተቆርጦ የቀረውን ልንገርዎ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ እትዬ ሳልማ የሚባሉ የአስመራ ሴት ይኖራሉ። አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ጂዳ ደግሞ ከሕንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሲሠሩ ሕንድኛውን እንደ ውኃ ጠጥተውታል። የካቲት ላይ ያንን ነጭ የለበሰች እናት ያለችበትን ፊልም፣ በልጅነቴ ደጋግሜ ያየሁትን፣ ከኢንተርኔት ፈልገን እሳቸው ቤት በትልቁ ቴሌቪዥን ከፈትነው። እኔ ታሪኩን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያዳምጡና ቅንድባቸውን ያነሳሉ። «ኧረ ሮማን ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰውየው እንዲህ አላለም» ይሉኛል። ነጋዴ ነው ያልኳቸው ባሏ ዳኛ ሆኖ ተገኘ። ያ ባለ ጢሙ ክፉ ሰው፣ እርስዎ በቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስም ይጠሩት የነበረው፣ አጎቷ ኖሯል፤ ክፋቱም ያን ያህል አይደለም። ሚስተር ማቲውም ቢሆኑ እትዬ ሳልማ እንደሚሉት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ከሆነ ሕንድኛ ራሳቸውም ላያውቁ ይችላሉ። ይህን ስሰማ በሳቅ ከሶፋው ተንሸራተትኩ።

ከዚያ የባቡር ጣቢያው ትርኢት መጣ፤ የፊልሙ መጨረሻ ነው። እናትየዋ ልጇን ስትጠብቅ ፖስተኛው መጥቶ ደብዳቤ ያነብላታል፤ እሷ መሬት ላይ ተዘርግታ ታለቅሳለች፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ያልቃል። እትዬ ሳልማ ደብዳቤውን ተረጎሙልኝ። ልጅሽ ሞቷል ነው የሚለው።

ዐሥር ዓመቴ ሆኖ የማይኩን ሽቦ ይዤ አጠገብዎ የተቀመጥኩበት ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ፊልሙን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አሳይተውት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ሞቷል ነበር ያሉት። አንድ ቃል ሳይሰሙ፣ ሥዕሉን አይተው ብቻ፣ እውነቱን አግኝተውት ኖሯል። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ማይኩን ወደ አፍዎ ካስጠጉ በኋላ ቀና ብለው የፊቱን አግዳሚ አዩ። እትዬ አበሩ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ተሾመ ወደ ጦርነቱ ከሄደ ዓመት አልፎት ወሬው ጠፍቷል። እርስዎ ጉሮሮዎን ጠረጉና «ልጅሽ በሕይወት አለ፤ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ነው ወሬው የዘገየው» አሉ። ሴትየዋ መሬት ላይ ስትንከባለል ደግሞ «የደስታ ዕንባ ነው» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለፈው የሞተው ልጅ እንዴት ዳነ ብዬ ብጠይቅዎ «ያኛው ሌላ ካሴት ነው» አሉኝ። እኔም እስከ ዘንድሮ የካቲት ድረስ ሌላ ካሴት መሆኑን አምኜ ኖርኩ።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ሳልማ ስነግራቸው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። የእኅታቸው ልጅ በዚያው ጦርነት፣ በወዲያኛው ወገን፣ ሄዶ ቀርቷል። በኋላ «እኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ተርጓሚ በነበረ» ብለው ብቻ ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ። ሻዩን የጠጣነው ሁለታችንም እያለቀስን ነው። ያን እሑድ በአዳራሹ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት ይህንኑ ነበር። ቀደዳ ያልኩትም ወደዚህ ለመድረስ ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ ግን ማልቀሱ አልቀረም። መርሃዊት የሳቁን ወሰደች፤ ለቅሶው ረጅም ነበረ።

እስከ መስከረም ድረስ የተቀየሙኝ በጸጉር ቤቱ ሹፈት መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከጸጉር ቤቱ የተመለሱ ዕለት ራት እንዳልበሉና «እንግዲያው አበሩንም ዋሽቻታለሁ ማለት ነው» እንዳሉ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እትዬ አበሩ መርዶው በወግ እስኪነገራቸው ድረስ ሦስት ዓመት ጥቁር ሳይለብሱ፣ በተስፋ የቆዩት በእርስዎ ቃል ምክንያት ይመስልዎታል። ይህን በልብዎ ይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ በቁስሉ ላይ ጣቴን ከተትኩ። እሳቸውም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ሄደው ይቅርታ አይጠይቋቸው ነገር።

አባባ፣ አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለው ያንብቡት። ከቪዲዮው ሥር ሰዉ የጻፈውን ማንበብ ከሐምሌ ጀምሮ ትቼ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ስከፍተው ከሺህ የሳቅ ምልክት መሀል አንዲት አጭር መልእክት አገኘሁ፤ የአበሩ ልጅ ሰናይት ነኝ፣ ሻሸመኔ ነው ያለሁት፣ እባክሽ ደውዪልኝ ትላለች። ደወልኩላት። የነገረችኝን እንደነገረችኝ እጽፍልዎታለሁ፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም።

እትዬ አበሩ የተሾመን ሞት የሰሙት ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው ረቡዕ ነው። አብሮት የነበረ ወታደር ለፈቃድ ሲያልፍ በድብቅ ነግሯቸው። ሰናይትና ታናናሾቿ ፈተና ላይ ስለነበሩ፣ ከዚያም ትምህርታቸው እንዳይሰናከል ብለው፣ ነገሩን ውጠውት ቀሩ። ቤታቸው ሆነው እንዳያለቅሱ ልጆቹ አሉ፤ ደጅ እንዳያለቅሱ ጎረቤት አለ። ስለዚህ ቅዳሜ የሕንድ ፊልም ሊያዩ መጡ፤ እዚያ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም። ሰናይት ይህን ያወቀችው ሊያርፉ ሰሞን ራሳቸው ሲነግሯት ነው። እንዲህ ብለዋታል፦ «ኪዳነወልድ ለእኔ ብሎ ታሪኩን እንደገለበጠው ያኔውኑ ገብቶኛል። ያቺ ሴትዮ የምታለቅሰውን ለቅሶ አውቀዋለሁ፤ ከረቡዕ ጀምሮ በሆዴ ሳለቅሰው የነበረ ነው፤ የደስታ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው እኔን አይቶ፣ ለእኔ ብሎ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ዋሸልኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።»

እትዬ አበሩ በእርስዎ ቃል አልተታለሉም፣ አባባ። አንድ ቀን እንኳ አልተታለሉም። የሰናይትን ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ጋሽ ኪዳነ ይደውሉልኝና እናቴ ያለችውን ከእኔው አፍ ይስሙ ብላለች። መጀመሪያ ለእሷ ይደውሉ። ለእኔ ቢዘገይም እታገሣለሁ።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል። ሃይሚ በትምህርት ቤቷ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ሠርታለች፤ እዚህ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ፊልም ይሠራሉ። ያለ ድምፅ ነው፤ አንዲት ጓንት ከባቡር ወርዳ ጓደኛዋን ስትፈልግ ያሳያል። አስተማሪዋ ማን ይተርክልሽ ስትላት «ኦፓ ሶል ሽፕሬሸን» አለች፤ አያቴ ይናገር ማለቷ ነው። እኔ በጀርመንኛ ላንብብልሽ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ አያቷ በማይክ ይናገሩ እንደነበር ከእኔ ሰምታለች። ፊልሙን ኢዩኤል በስልኩ ይዞታል፤ እርስዎ እያዩ ሲናገሩ እሱ ድምፅዎን ይቀዳል። ጓንቷ ምን እንደምትል አልነግርዎትም፤ እንደ ፈቀዱ ያድርጓት። ሃይሚ በአማርኛ ሲያናግሯት በጀርመንኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ከሚናገሩት ግማሹን አትሰማውም። ለዚህ አይጨነቁ፤ እርስዎም ሕንድኛውን አልሰሙትም ነበር።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ከእንግዲህ ስለ ከብት እንዳትዋሽ ይንገሯት። ለወንድሜ ለብሩኪና ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረስ፤ አዲስ የተወለደውን ልጅ በዓይነ ሥጋ እስካየው ግንባሩን ይሳሙልኝ። ለጸጉር ቤቱ ሰዎች ሰላምታ አልልክም፤ ይህን ደብዳቤ ግን ከፈለጉ ያንብቡላቸው። ገብሩ እጅ ይነሳል። እትዬ ሳልማ ስምዎን እየጠሩ ሰላም በይልኝ ብለውኛል። ሃይሚ ከደብዳቤው ጀርባ ስሟን በአማርኛ ጽፋለች፤ «ሚ»ዋ ብትገለበጥም የእሷው እጅ ናት።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ
ሮማን ኪዳነወልድ

ሆኽስት፣ ፍራንክፈርት አም ማይን
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.